ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡት ወንበሮች

ማስታወቂያው ሠላሳ ሰከንድ አይሞላም። ባዶ ቤት፣ መሀሉ ላይ ሁለት ወንበር፣ ወንበሮቹ ጀርባ ለጀርባ፤ ከዚያ «በቅርብ ቀን» የሚል ጽሑፍ ይመጣና ያበቃል። በዚህች ሠላሳ ሰከንድ የከሚሴ ሴት ሁለት ወር ሙሉ ተከራከረች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቢያንስ እኔ ቤት የምትመጣው ሴት ተከራክራለች።

እኔ ቤት የምለው ፀጉር ቤቴን ነው። አስፋልቱ ዳር፣ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት አጠገብ፣ አረንጓዴ መጋረጃ የተጣለባት አንዲት ክፍል ናት። ከመጋረጃው ወዲህ ወንድ አይገባም፤ ስለዚህ የሚገባው ሴት ሁሉ ሒጃቡን፣ ሻሹን ያወልቅና ከፀጉሩ ጋር ምላሱም ይፈታል። ሁለት ካስክ፣ ሦስት ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን አለኝ። ቴሌቪዥኑን የገዛሁት ደንበኛ እንዲይዝልኝ ብዬ ነበር። ደንበኛ ያዘልኝ፤ ጆሮዬን ግን ጨረሰው።

ፕሮግራሙ እንዲህ ነው፦ ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገቡና አንድ ቤት ይዘጋባቸዋል። ስልክ የለ፣ ዘመድ የለ። ያበስላሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፤ ተመልካቹ በስልኩ ድምፅ እየሰጠ በየሳምንቱ አንዱን ጥንድ ያስወጣል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ባልና ሚስት ነበሩ፤ በሁለተኛው ጓደኛሞች። ሦስተኛው ላይ ምን ዓይነት ሰው እንደሚገባ አዘጋጆቹ ደበቁና ሁለት ወንበር አሳይተው ዝም አሉ። ዝም የተባለ ሰው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የማትቀር አንዲት የባንክ ሠራተኛ አለችኝ። እሷ «አማትና ምራት ናቸው» ባይ ናት። ማስረጃዋ ወንበሩ ነው። ቪዲዮውን አቁማ፣ በጣቷ አስፍታ፣ የግራው ወንበር ከቀኙ በትንሹ ከፍ እንደሚል ለሁላችንም አሳይታናለች። ከፍ ያለው የአማት ነው። ካስክ ውስጥ ስትሆን የራሷ ድምፅ ስለማይሰማት ትጮኻለች፤ የአማቷን ነገር ውጭ የቆመው ባጃጅ ነጂ ሳይቀር በቃሉ ያውቀዋል።

አብራኝ ሹሩባ የምትሠራው ሴት ከባሏ ከተለያየች አራት ዓመቷ ነው። በእሷ ቤት ጥንዶቹ የተፋቱ ናቸው፤ ጀርባ ለጀርባ የተባለው ሌላ ምን ሊሆን ነው? ሌሎቹም እንዲሁ። መንታ የወለደችው መንታ ትላለች። ሠራተኛዋ ጥላት የሄደችው እመቤትና ሠራተኛ ነው ብላ ትምላለች። በስልካቸው ግሩፕ አላቸው፤ እዚያም ሲከራከሩ ያድሩና ጠዋት ያደረውን ይዘው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰውን ጭንቅላት በኋላ በኩል ነው የማየው፤ ብዙ ነገር ከዚያ ይታያል። እያንዳንዷ በዚያ ወንበር ላይ የምታስቀምጠው የራሷ ሰው እንዳላት የገባኝ ቶሎ ነው። የራሴ ግን አልታየኝም።

አንድ ቅዳሜ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። እጄ የአንዲት ሙሽራ ፀጉር ውስጥ ነበር፣ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኛል፣ ወሬው ሰልችቶኛል። ነገሩ እንዲያበቃልኝ ብዬ፣ ፊቴን እንኳ ሳላነሣ፣ እህትማማቾች ናቸው፣ የተኳረፉ እህትማማቾች፣ አልኩ። ከማን ሰማሽ ሲሉኝ ከሚያውቅ ሰው አልኩ። እኔ እንዲያ ደፍሬ ስናገር ሰምተው ስለማያውቁ አመኑኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኔ ብቅል አልቀምስም፣ ማበጠሪያ ይዤ ነው ያመለጠኝ።

እህት አለችኝ። ታናሼ ናት፤ ከእሷ ሌላ የእናት ልጅ የለኝም። ሰንበቴ ከተማ ሰሌን ትነግዳለች፤ በሚኒባስ ከዚህ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ስድስት ዓመት አልተነጋገርንም። ፀጉር ቤቱን የከፈትኩት ከተኳረፍን በኋላ ስለሆነ ከሴቶቹ አንዷም ስለ እሷ አታውቅም። ለጠየቀኝ ሁሉ ብቸኛ ነኝ እል ነበር።

የተኳረፍነው በእናታችን ሞት ነው። እናታችን ጨፋ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙም በማይርቀው ቤቷ፣ የሱብሂ አዛን ሲል ነፍሷ ወጣች። በእኛ ሬሳ አያድርም፤ የዚያኑ ቀን የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ተሰግዶ ተቀበረች። ሴት ልጅ መቃብር ድረስ ባትሸኝም እናቷን ታጥባለች፣ ውሃ ታፈስላታለች፣ በከፈን ከመጠቅለሏ በፊት ፊቷን ታያለች። እህቴ ያን ጊዜ ባሏን ተከትላ አፋር ቆላ ወርዳ ነበር፤ ስልክ አይሠራም፣ መልእክት የሚደርሰው በጭነት መኪና ሾፌር ነው። ጎህ ሲቀድ ቢላክባት ከዐስር በፊት ትደርስ ነበር። የደረሰችው በማግስቱ ነው። በጠዋት ልኬብሽ ነበር፣ ሾፌሩ ነው ያዘገየው አልኳት። ውሸቴን ነው። ለሾፌሩ የነገርኩት ሰው ከቀብር ከተመለሰ በኋላ ነበር። እሷ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። «ውሃ እንኳ ሳላፈስላት» ብቻ አለች፤ የሦስተኛው ቀን ሰደቃ ሲያበቃ ተነሥታ ሄደች። ለምን እንዳዘገየሁባት ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የፈጠርኩት ወሬ በሳምንቱ ወደ እኔው ተመልሶ መጣ፤ ግን ወፍሮ፣ ለብሶ፣ አጊጦ መጣ። እህትማማቾቹ የአንድ እናት ልጆች መሆን አለባቸው ተባለ። የልጅነት ፎቶ ያስፈልጋል ተባለ። ከሁለት ዓመት በላይ የተኳረፈ ይመረጣል ተባለ። ይሄን ሁሉ ለእኔ ነው የሚነግሩኝ፣ ያልሰማሁ መስሏቸው። ዞን ቢሮ የምትሠራ አንዲት ደንበኛዬ ኮምቦልቻ ያለች የተጣላቻትን እህቷን ደውላ አገኘቻትና እንመዝገብ ተባብለዋል። የት እንደሚመዘገቡ እንድጠይቅላቸው ለመነችኝ። ቆይ አልኳት። አላፈርኩም ብል እዋሻለሁ፤ ግን ዝም ማለት ይቀላል፣ እኔም የሚቀለውን አደረግሁ። እንዲያውም አንዳንድ ቀን እውነት ቢሆንስ እያልኩ ራሴን ይዤዋለሁ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ፤ እኔ ደግሞ ሲሉ የሰማሁት የራሴኑ ነው።

በሌላው ቅዳሜ፣ ዐስር ሊደርስ ሲል፣ መጋረጃው ተገለጠና «አሰላሙ አለይኩም» የሚል ድምፅ ገባ። ዞር ሳልል አወቅኋት። ድምፅ አያረጅም። ስዞር ግን እሷ አርጅታለች፤ ፀሐይ አጥቁሯታል፣ ጉንጯ ጎድሏል። የባንኳ ሴት ካስክ ውስጥ ናት፣ የዞን ቢሮዋ ተራ ትጠብቃለች፣ ሹሩባ ሠሪዋ ከጎኔ ቆማለች። እህቴ ሁሉንም ሰላም አለች፣ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ሻሿን ፈታች። ምን ልሥራልሽ አልኳት፣ እንደ ማንኛዋም ደንበኛ። ሹሩባ አለችኝ፣ እንደ ማንኛዋም ደንበኛ።

ማበጠር ጀመርኩ። ቅባት አነሣሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ከጆሮዋ በታች ትንሽ ጠባሳ አላት፤ ልጆች ሆነን በማጭድ የቧጨርኳት እኔ ነኝ። ተናደድኩባት፤ እዚህ ድረስ በሰው ፊት መምጣቷ ምን ይባላል? ወዲያው ደግሞ ናፈቀችኝ፤ በእጄ ይዣት ናፈቀችኝ።

ሴቶቹ ወሬያቸውን ቀጠሉ። የባንኳ ሴት ከካስኩ ሥር ሆና እህትማማች የሚባለው ነገር ፈጽሞ እንደማይዋጥላት፣ አማትና ምራት ካልሆነ ፀጉሯን እንደምትላጭ ትጮኻለች። የዞን ቢሮዋ የፎቶውን ነገር አነሣች። ያን ጊዜ እህቴ፣ በመስታወቱ ውስጥ እኔን እያየች፣ ይህን ወሬ ማን እንዳመጣው ጠየቀች። አገሩ ሁሉ የሚያወራው ነው አሏት። አገር ወሬ አይጀምርም አለች፣ ረጋ ብላ።

እሷ ሰሌን የምትገዛው ከአፋር ሴቶች ነው፤ ከእነሱ ጋር የዋለ ሰው ደግሞ ዳጉን ሳይለምድ አይቀርም። ዳጉ የአፋሮች የወሬ ሥርዓት ነው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ይጠያየቃል፤ ያየኸው ለብቻ፣ የሰማኸው ለብቻ። የሰማኸውን ከማን እንደሰማኸው፣ እሱስ ከማን እንደሰማው ትናገራለህ። ውሸት ያመጣ ሰው ነውረኛ ነው፣ ከዚያ በኋላ ማንም ጆሮ አይሰጠውም። ይህን ሥርዓት እኛ ከሚሴ ላይ ብንጀምረው የእኔ ፀጉር ቤት በሳምንቱ ይዘጋል።

«ሰሌን የምታመጣልኝ ሴት ነገረችኝ» አለች እህቴ። «ከማን ሰማሽ አልኳት፤ ከቅቤ ነጋዴዋ አለችኝ። የቅቤ ነጋዴዋን ፈልጌ አገኘኋት፤ ከሚሴ ዞን ቢሮ ከምትሠራ ዘመዴ አለችኝ። ዘመዷስ? ከፀጉር ቤት። ከየትኛው? አስፋልቱ ዳር፣ አረንጓዴ መጋረጃ ካለው። ከዚያ ወዲያ የሚያውቅ የለም።»

የዞን ቢሮዋ ሴት አፏን ያዘች። ቅቤ ነጋዴዋ አክስቷ ናት። ሹሩባ ሠሪዋ እኔን አየችኝ፣ እኔ መስታወቱን አየሁ፤ መስታወቱ ውስጥ ያለችው ታናሼ ዐይኗን አልነቀለችም። አንድ ውሸት ብጨምር ያልፍ ነበር። ከአንድ ጋዜጠኛ ሰማሁ ብል ማን ያረጋግጣል? አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ይቺ ሴት ጋዜጠኛውን ፈልጋ አዲስ አበባ ድረስ እንደምትሄድ ዐይኗ ይናገራል።

ማንም አልነገረኝም፣ እኔው ነኝ የፈጠርኩት አልኩ።

ቀጥሎ የሆነውን ማብዛት አያስፈልግም። ሹሩባ ሠሪዋ አጃኢብ ብላ አጨበጨበች። የባንኳ ሴት ካስኩን ገፍታ ወጣችና አላልኳችሁም ብላ ድል አደረገች፤ ኋላ ሲለይለት እውነትም አማትና ምራት ሆኖ ተገኘ፣ እስከ ዛሬም ታነሣብናለች። የከበደኝ የዞን ቢሮዋ ነው። አልተቆጣችም። ለእህቴ እንዲያው በከንቱ አስደወልሽኝ አለችና ሒጃቧን አስተካክላ ወጣች። ደጅ ላይ ስትደርስ ግን ስልኳን አውጥታ ስትደውል በመጋረጃው ክፍተት አየኋት። እህቷ ጋ ይሁን ወይም ሌላ ሰው ጋ አላውቅም።

የዐስር አዛን አለ። የባንኳ ሴት ሄደች፣ ሹሩባ ሠሪዋም ሻይ ልጠጣ ብላ፣ ማኩረፏን እንድናውቅላት መጋረጃውን ጎትታ ወጣች። ሁለታችን ቀረን። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ፀጉሯ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኗል።

«ያኛውስ ወሬ?» አለችኝ።

የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ስድስት ዓመት ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር፤ ስትጠይቀኝ የምመልሰውን ብዙ ጊዜ ለብቻዬ ተለማምጄዋለሁ፤ ሾፌሩ፣ መንገዱ፣ ግርግሩ። ከተለማመድኩት አንዱም አልመጣልኝም። ከቀብር በኋላ ነው የላክሁብሽ አልኳት። በጠዋት አልላክሁም። ሌላ ሾፌር በጠዋት ወደ ቆላ ሲወርድ በራችን ላይ አልፏል፤ አይቼው ዝም ብያለሁ።

ብትነሣ አይገርመኝም ነበር። ብትመታኝም። እጄን ከፀጉሯ ላይ አንሥቼ እንድትነሣ ጠበቅሁ። አልተነሣችም።

«አውቃለሁ» አለች። «መልእክቱን ያመጣልኝን ሾፌር በሳምንቱ አግኝቼዋለሁ። መቼ ነገረችህ አልኩት፤ ከቀብር መልስ አለኝ። ያኔም መጨረሻው አንቺ ነበርሽ። ካንቺ አፍ እስክሰማው ነው የቆየሁት።»

ስድስት ዓመት! እኔ ተደብቄያለሁ ብዬ ስኖር እሷ የተደበቅሁበትን እያወቀች ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት ከእናታችን ነው የወረሰችው፤ እኔ አልወረስኩም። ለምን አሁን መጣሽ አልኳት። የተኳረፉ እህትማማቾች የሚለው ወሬ ከእኔ ፀጉር ቤት እንደተነሣ ስታውቅ፣ እውነቱን ለመናገር ከእንግዲህ ብዙም አይቀራትም ብላ እንደመጣች ነገረችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ መስታወቱ መለሰች።

«አሁን ያየሽውን ንገሪኝ» አለች። «የሰማሽውን ተይው። ያየሽውን ብቻ።»

ፀጉሯን እንደገና ያዝኩ፣ እጄ ሥራ ካልያዘ አፌ አይከፈትልኝም ነበርና። ከአንሶላው ጀመርኩ። የትኛው አንሶላ እንደነበረ፣ መስኮቱ እንዴት እንደተከፈተ፣ ማን ከአልጋው በየት በኩል ተቀምጦ እንደነበር ነገርኳት። እናታችን ለሦስት ቀን ዐይኗን እንዳልገለጠች፣ በዚያ ጠዋት አዛን ሊል ጥቂት ሲቀረው ግን እንደገለጠች ነገርኳት። እዚህ ላይ ደርሼ ቆምኩ።

ከዚያ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። እናታችን እጄን ያዘችና አየችኝ። ያየችው ግን እኔን አይደለም። ስምሽን ጠራች አልኳት። እኔን በስምሽ ጠራችኝ። አራት ወር ያገላበጥኳት፣ ያጠብኳት፣ በማንኪያ ያጎረስኳት እኔ ነኝ፤ በመጨረሻው ሰዓት የምትፈልገው አንቺን ሆነ። «ዱፍቴ?» አለችኝ፣ በኦሮምኛዋ፣ መጣሽ ወይ ብላ።

«አንቺስ ምን አልሻት?» አለች እህቴ። ድምፇ ተለውጧል።

«ዱፌ አልኳት። መጣሁ አልኳት። ሳቀች፤ ጥርሷ ታየኝ። እጄን እንደያዘች ነው የሄደችው።»

ያ የጠዋቱ ሾፌር በበራችን ያለፈው ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ነው። አየሁት፤ እህቴ አንዴ ሳትመጣ መጥታለች፣ ደግሞ ለምን ትመጣለች ብዬ በቅናት ዝም አልኩ። ይህን ስናገር ምክንያት ሆኖልኝ አይደለም፤ ምክንያት አይሆንም። ቅናት ብቻ ነው። ስድስት ዓመት እሷ እናቴ ሳታየኝ ሄደች እያለች ስትቃጠል፣ እኔ እናቷ እሷን ይዛ እንደሞተች እያወቅሁ ዝም ብያታለሁ። ውሸቱን ይቅር ብትለኝ ይህን ዝምታዬን እንዴት ይቅር ትለኛለች?

አለቀሰች። ቀስ ብላ ነው ያለቀሰችው፣ ትከሻዋ ብቻ እየተንቀሳቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ እጆቼ ቅባት ስለሆኑ ዐይኔን በክንዴ ጠረግሁ። ውጭ ባጃጆቹ ይጮኻሉ፣ የሚኒባስ ረዳት «ሰንበቴ፣ አጣዬ» እያለ ይጣራል። በቃ፣ አሁን ተነሥታ ትሳፈራለች አልኩ በሆዴ።

ከቆይታ በኋላ ፀጉሯንስ ማን ሠራው አለችኝ፣ የእናታችንን። እኔ አልኳት። የቁርቁራ ቅጠል በተዘፈዘፈበት ውሃ አጥቤ፣ እንደ ደንቡ ሦስት አድርጌ ጎንጉኜ፣ ወደ ኋላ ጣልኩላት። ያየሁት ይህን ነው፤ ሌላ የቀረ የለም አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ሻሿን አንሥታ ዐይኗን ጠረገችበትና መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ፣ ወደ እጄ ጣለች።

«ጨርሺው እንግዲህ፣ እታዬ» አለችኝ። «ነገ ገበያ አለብኝ።»